ታናሼ ናት በላቸው

በርመንሲ፣ ለንደን
ኦክቶበር 9 ቀን 1882

ይድረስ ለወንድሜ ለአምብሮዝ ታልቦት
በኖርፎክ፣ በወንፊት ሠሪዎች ማኅበር የጡረተኞች ግቢ

ወንድሜ አምብሮዝ፣

ጤናህን ከመጠየቄ በፊት ስለ እጅ ጽሑፌ ለጠየቅከኝ መልስ ልስጥህ፤ አለዚያ ወረቀቱን እያገላበጥክ ስትጨነቅ ትውላለህ። አልሰከርኩም፤ እጄም አልተንቀጠቀጠም። መስመሩ ሽቅብ ቁልቁል የሚለው ስለማይታየኝ ነው። ግራ ዓይኔ ከፋሲካ ወዲህ ጉም ለብሷል፤ ቀኙም የእሱን መንገድ ይዟል። እስከ ዛሬ የደበቅኩህ እንዳታዝን ብዬ ብቻ አይደለም። አንተ ስታዝን ደብዳቤህ ይረዝማል፤ ረጅም ደብዳቤ ደግሞ ማንበብ አቅቶኛል። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብህ አንተ ነበርክ።

ሥራ አለ ወይ ላልከኝ፣ የለም። ጣቶቼ አሁንም ለወንፊት የምንሸምነውን የፈረስ ጭራ ወፍራሙን ከቀጭኑ ይለያሉ፤ ሽመናውንም በዳበሳ እወጣዋለሁ። የጠፋው ገዢ ነው። የመጨረሻው ደንበኛዬ መድኃኒት ቀማሚው ሚስተር ሎው ነበር፤ አባቱም እሱም ዱቄታቸውን በእኛ ወንፊት ሲነፉ ኖረዋል። ባለፈው ወር አስጠርቶ ሻይ ጋበዘኝ፤ ሻዩ ሲቀዳ ነገሩ ገባኝ። ከበርሚንግሃም ፋብሪካ የሽቦ ወንፊት መጥቶለታል። አይበሰብስም፣ ጭራም አይነቅልም አለኝ፤ ድምፁ ያፈረ ሰው ድምፅ ነበር። የያዝኳት ክፍል እስከ ኖቬምበር መጨረሻ የእኔ ናት። ከዚያ ወዲያ ያለው የሰበካው የድሆች ቤት ነው። እዚያ ገብቶ በእግሩ የወጣ ሽማግሌ አላውቅም።

ስለዚህ ከአንተ ፊት ለፊት የምትኖረው መበለት ማረፏንና ክፍሏ ባዶ መሆኑን ስትጽፍልኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ከሐዘኑ ተስፋው ቀደመኝ። ጥቁር ባርኔጣዬን አድርጌ፣ ከእጄ ከወጡት ወንፊቶች አንዱን ታቅፌ ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ሄድኩ።

አባባ የነገረን ትዝ ይልሃል? በአያታችን ዘመን የማኅበሩ ሽማግሌዎች ገበያ ለገበያ እየዞሩ፣ ጭራው የሳሳ ወንፊት ሲያገኙ ባለቤቱ ፊት ያቃጥሉት ነበር። በመዝገባቸው ሳይሰፍር ወንፊት የሚሸጥ ሰው አበሳውን ያይ ነበር። ዛሬ ሸንጎው ላይ ከተቀመጡት ዐሥራ ሁለት ሰዎች ወንፊት ነክቶ የሚያውቅ የለም። አለቃው ባለ ባንክ ነው፤ ምክትሉ ጠበቃ፤ ሌላው ሻይ ከሕንድ ያስመጣል። ሙያው ሞቶ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ እነሱ ዘንድ ደርሷል። ትምህርት ቤት ከፍተዋል፣ ሆስፒታል ይረዳሉ፣ እናንተን ሽማግሌዎቹን ይጦራሉ፣ በዓመት አራት ጊዜም ተሰብስበው የኤሊ ሾርባ ይጠጣሉ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ገና ስገባ ወንበር አቀረቡልኝ። አንደኛው ወንፊቴን ተቀብሎ ገለበጠና በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ “ከበሮ ነው?” አለኝ።

“አዎን ጌታዬ፣ ዱቄት የሚጨፍርበት” አልኩት። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከዚያ ጸሐፊው ሚስተር ፌንዊክ መዝገቡን ገለጠ። ሕጉን ታውቀዋለህ፤ አንተ የገባህበት በር ነው። ክፍል የሚያገኝ አባል ብቻ ነው። የአባቱ ስም በማኅበሩ መዝገብ ከሰፈረ በኋላ የተወለደ ልጅ በአባቱ መብት አባል ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ግን፣ አባቱም እናቱም ያው ቢሆኑ እንኳ፣ ባዕድ ነው፤ በተለማማጅነት ተመዝግቦ ሰባት ዓመት ካላገለገለ አይቆጠርም። ለምን በተለማማጅነት አልተመዘገብሽም ብሎ ጠየቀኝ። በአባቴ ቤት ድክ ድክ ከማለቴ ጋር ሥራ ጀመርኩ፣ ልጅን ከገዛ ቤቷ ማን ይመዘግባል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። “እንግዲያው ሚስ ታልቦት፣ የተወለዱት አባትዎ አባል ከመሆናቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?”

ወንድሜን ጠይቁት፣ የቤተሰቡን ነገር የሚያውቀው እሱ ነው አልኩ። የጸሎት ቤታችን መዝገብ ከነቤቱ ስለተቃጠለ ሌላ ማስረጃ የለም። ሸንጎውም የአንተን ቃል ለመቀበል ተስማማ፤ አባል ስለሆንክ ቃልህ እንደ መሐላ ነው አሉ።

አምብሮዝ፣ በዕድሜዬ አንድ ነገር ለምኜህ አላውቅም። ጸሐፊው ሲጽፍልህ ታናሼ ናት በላቸው። በዓመት ታንሰኛለች በል። ይህን የተጨማደደ ፊቴን አይቶ ሃምሳ ስምንት ነው ስልሳ ሰባት ነው ብሎ የሚከራከር የለም። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህን ልጅ ታናሽህ ነኝ ማለት እኔንም ያስቀኛል። ሳቅና ጻፈው።

እህትህ ዶርካስ


የጡረተኞች ግቢ፣ ኖርፎክ
ኦክቶበር 22 ቀን 1882

ይድረስ ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ዶርካስ

እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ዓይንሽስ? ጉሙ ሳሳ ወይስ ባሰበት? ነገሩን ከሰማሁ ወዲህ እህል አልዋጥ ብሎኛል። ስለ ክፍሉ የጠየቅሽበት ሁለተኛዋ ወረቀትሽም ደርሳኛለች። መልስ በመዘግየቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ምክንያቱ ጉልበቴ ነው፤ ጉልበቴና ዝናቡ። እዚህ ሲዘንብ ሜዳው ሁሉ ውሃ ይቋጥራል፣ ፖስታ ቤቱ ደግሞ ከሜዳው ማዶ ነው።

ክፍሉ ምን ይመስላል ላልሽው፣ ልክ እንደ እኔው ነው፤ መስኮቱ ግን ወደ ደቡብ ስለሆነ ከእኔው ይሻላል። ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ አልጋው ላይ ይተኛል። ምድጃው ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ጭስ አያስቸግርም፣ የድንጋይ ከሰሉም ከማኅበሩ ነው የሚመጣ። መበለቲቱ ከበሩ ሥር ሽንኩርትና አደንጓሬ ተክላ ነበር፤ አደንጓሬው ሳይለቀም ቀርቷል። ደረጃ አለው ወይ ላልሽው፣ አንድ እርከን ብቻ አለው፤ እግርሽ በአንድ ቀን ይለምደዋል። ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለጠየቅሽኝ ነው።

እኔ ያው ነኝ። ጠዋት ጸሎት አለ፣ ከዚያ ቁርስ፣ ከዚያ አንዱ የአንዱን ጤና መጠየቅ ነው። ግራጫውን ካባ ስንለብስ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሽማግሌ እንመስላለን። በሚመጣው ወር በመሥራቹ መታሰቢያ ቀን የማኅበሩን ዘንግ ተሸክሜ ከፊት እንድሄድ ተመርጫለሁ። መርከብ ላይ ሠላሳ ዓመት ሾርባ ሳማስል የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ የባንክ ባለቤቶች ከኋላዬ ሊሰለፉ ነው። አባባ ቢያየኝ ደስ ይለው ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሐሳቤን ተውኩት።

ሚስተር ፌንዊክ ጻፈልህ ወይ ላልሽው፣ የማኅበሩ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ። ሸንጎው የሚቀመጠው በወር አንድ ጊዜ ነው። እትዬ፣ አትቸኩዪ። በምንም ነገር አትቸኩዪ።

የዝይ ላባ ትራስ በባቡር ልኬልሻለሁ። ጣቢያ ሄዶ የሚያመጣልሽ ሰው ፈልጊ፤ ብቻሽን መንገድ እንዳትሻገሪ።

ወንድምሽ አምብሮዝ


በርመንሲ
ኖቬምበር 7 ቀን 1882

ወንድሜ፣

ትራሱ ደርሶኛል፤ ዝይዋን እግዚአብሔር ይባርካት። ደብዳቤህን የቤቱ ባለቤት ሚስስ ክላፕ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ፀሐይ አልጋው ላይ ይተኛል የሚለውን ሦስተኛ አስደገምኳት፤ በበርመንሲ ፀሐይ የሚገባው ቆዳ ፋቂዎቹ ግቢ ብቻ ነው።

አትቸኩዪ ትላለህ። አንተ ከተወለድክ ጀምሮ ቸኩለህ አታውቅም፤ ሳህንህን እንኳ ሾርባው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የምታነሳው። ነገርካቸው ወይ ብዬ ደግሜ አልጠይቅህም። ልጅ ሆነህም ጥሩ ነገር ስትሠራ አታወራም ነበር፤ ክፉ ስትሠራ ነበር የምትለፈልፈው። ዝምታህን እንደዚያ ተርጉሜዋለሁ።

በዚያ ላይ ስማ። ባለፈው ሐሙስ ሚስተር ፌንዊክ ራሱ እቤቴ ድረስ መጣ። ደረጃውን ሲወጣ ሲያለከልክ ሰማሁት። መሸመኛዬን ለማኅበሩ እንድሰጥ ለመነኝ፤ አዳራሹ መግቢያ ላይ በመስታወት ሣጥን ሊያስቀምጡት ነው፣ እንግዳ ሲመጣ እንዲታይ። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ አይገኝም አለኝ። ሸማኔዋንም ጨምራችሁ መስታወት ውስጥ ታስገባላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ሳለ። ፊቱን ባየው ጥሩ ነበር፤ ሳቀ መሰለኝ። ሁለት ሰዎች መጥተው ተሸክመው ወሰዱት። አባባ የሠራው ነው፤ ከእግሬ ሥር ሲነሳ ጠርዙን ዳበስኩት። ግን ይህን ያህል አክብረው እቤት ድረስ የሚመጡ ሰዎች እምቢ ሊሉኝ ነው? አይመስለኝም።

ለሚስስ ክላፕ በወሩ መጨረሻ እንደምለቅ ነግሬያታለሁ። ክፍሌን ከነገ ወዲያ ለአንድ ቆዳ ፋቂ ቤተሰብ ታስይዛለች። አልጋዬንና ጠረጴዛዬን አንድ አሮጌ ዕቃ ገዢ ወሰደልኝ። የቀረኝ የሻይ ማፍያዬና ልብሴ ነው። እዚያ ማፍያ አለህ ወይስ የእኔን ላምጣው? ይህን ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ ዶርካስ


የጡረተኞች ግቢ
ኖቬምበር 10 ቀን 1882

እትዬ፣

ሰላምታ የምጽፍበት ፊት የለኝም። ክፍልሽን አትልቀቂ። ይህን የምታነብልሽ ሚስስ ክላፕ ከሆነች፣ እባክዎን ሚስስ ክላፕ፣ ለቆዳ ፋቂው ሌላ ቤት ይፈልጉለት።

የፌንዊክ ደብዳቤ የደረሰኝ ኦክቶበር 14 ቀን ነው። በማግስቱ መለስኩለት። እህቴ ከእኔ በስምንት ዓመት እንደምትበልጥ፣ አባታችንም አባል የሆነው እኔ ከመወለዴ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ እንደሆነ ጻፍኩለት። ስለ መስኮቱና ስለ አደንጓሬው ስጽፍልሽ ይህን ካደረግኩ ሳምንት ሞልቶኝ ነበር።

ሦስት ጊዜ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ “ታናሼ ናት” ብዬ ጽፌ ነበር። አሽጌው ኪሴ ከተትኩት። ሜዳውን እያቋረጥኩ ሳለ፣ ማኅበሩ ውስጥ ስገባ እጄን መጽሐፍ ላይ አድርጌ የማልኩት ትዝ አለኝ። ለወንድሞቼ ሐሰት አልናገርም ብዬ ነበር። ማኅበሩን ያቆመው ቃል ነው፣ ወንፊቱ ቢጠፋም ቃሉ አለ፣ ክፍሉም በሐቅ ለሚገባው ሰው መድረስ አለበት ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ተመለስኩና ሌላ ጻፍኩ። እትዬ፣ ሰው እውነት ተናግሮ እንዲህ የሌባ ያህል ይፈራል?

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ቴሌግራም ልልክ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ቴሌግራም ለምትቀበለው ሴትዮ ቃሉን ጮክ ብሎ መንገር ያስፈልጋል። ከኋላዬ ሰዎች ቆመው ነበር። አቃተኝና ቴምብር ገዝቼ ተመለስኩ። ግቢውን የሚጠብቀውን ሰው እህቴ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ብትኖር ብዬ ጠየቅኩት። ሚስት ከሆነች ይፈቀዳል፣ እህት አትፈቀድም አለኝ። ደንቡ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ሄጄ አነበብኩት፣ እውነቱን ነው።

አንድ መስመር ጻፊልኝ። ስደቢኝ፤ ግን ጻፊልኝ።

አምብሮዝ


የጡረተኞች ግቢ
ዲሴምበር 10 ቀን 1882

እትዬ ዶርካስ፣

አራት ደብዳቤ ልኬ አንድም መልስ ባጣ ለሚስስ ክላፕ ጻፍኩላት። ሁሉንም ነገረችኝ። ከእኔ ደብዳቤ ሁለት ቀን ቀድሞ የማኅበሩ ደብዳቤ ደርሶሽ ኖሯል። “ወንድምዎ በሰጡት ምስክርነት መሠረት” የሚለውን ጮክ ብላ ያነበበችልሽ እሷ ናት። ያን ጊዜ የሻይ ስኒሽን አጥበሽ ቦታው መለስሽ አለችኝ። ቅዳሜ የእኔ ሲመጣ አትክፈችው አልሻት። ቆዳ ፋቂው ውሉን ጨርሶ ስለነበር፣ በወሩ መጨረሻ በእግርሽ እስከ ድሆች ቤት በር ድረስ እሷው ሸኘችሽ። የላክሁልሽን ትራስ ይዘሽ እንድትገቢ አልፈቀዱልሽም አሉ።

እኔ ቦታዬን ለአንቺ ልልቀቅ ብዬ ለሸንጎው አመለከትኩ። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፣ በጣም ትሑት መልስ ነው። ቦታው የማኅበሩ እንጂ የሚስተር ታልቦት አይደለም፣ ቢለቁም ለባዕድ ሊተላለፍ አይችልም ይላል። ፊት ለፊቴ ያለው ክፍል ለአንድ ሐራጅ ሻጭ አክስት ተሰጥቷል። ደግ ሴት ናት። አያቷ አባል ነበር ይባላል፤ እሷ ግን የማኅበሩ ስም ምን እንደሆነ ትናንት እኔን ጠየቀችኝ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። መሐላው አልነበረም። አምና እዚህ አንድ ሰው ለጸሐፊው ሐሰት ጽፈሃል ተብሎ ከነአልጋው መንገድ ላይ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ዝናብ ነበር። ሜዳው መሀል ላይ የቆምኩት ያ ሰውዬ ታይቶኝ ነው። ፈራሁ። ፍርሃቴን ነው መሐላ ብዬ የጻፍኩልሽ። ዘንጉን ተሸክሜ ከፊት ስሄድ ሰው ሁሉ አመሰገነኝ፤ እኔ ግን መሬት በዋጠችኝ እል ነበር።

አባባንም ማሰብ አልቻልኩም። እሱ ያን ያህል ሥራ እያሠራሽ ስምሽን እንዴት ረሳ? አንድ ጊዜ ቢያስመዘግብሽ ምን ነበረበት? የገናው ሰሞን እንዳለፈ ፈቃድ ይሰጡኛል። ልምጣ ወይስ አልምጣ?

አምብሮዝ


በርመንሲ፣ የሰበካው የድሆች ቤት፣ የሴቶች ክፍል
ዲሴምበር 29 ቀን 1882

አምብሮዝ፣

ይህን የምትጽፍልኝ አልጋዋ ከአልጋዬ አጠገብ የሆነው ሚስስ ሬን ናት። መምህርት ነበረች፤ እኔ የማልናገረውን ጥሩ ጥሩ ቃል ብትጨምርበት አትመናት።

ደህና ነኝ። ሾርባው ቀጭን ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉኛል እዚህ ያሉት፤ ታሪኬን ከነገርኳቸው ወዲህ ሁሌ ይተርቡኛል። በገና ዕለት የወንፊት ሠሪዎች ማኅበር ሰዎች መጡ። በየዓመቱ ለዚህ ቤት የገና ስጦታ የሚያመጡት እነሱ ናቸው አሉ፤ አላውቅም ነበር። ለያንዳንዳችን አንድ ብርቱካንና አንድ የሱፍ ኮፍያ ሰጡን። ለኮፍያው ማን ከማን በፊት ተወለደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አንድ ድምፁ ለስላሳ ጌታ እጄን ይዞ፣ “እናቴ፣ በደህናው ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?” አለኝ። ወንፊት እሠራ ነበር አልኩት። በሳቅ ፈነዱ። የማኅበሩን ስም ሰምቼ የቀለድኩ መሰላቸው፤ ተጫዋች አሮጊት ናት ተባባሉ። እቤቴ ሰምቼ የማውቀው ሳል ብቻ ከኋላ ተሰማኝ። ብርቱካኑን በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ አልዋሽህም።

አባባ እንዴት ረሳሽ ላልከው። አልረሳኝም። ይህን ለአንተ እንዳይነግርህ ያስማልኩት እኔ ነኝ፤ በእኔ ፊት አንገትህን ደፍተህ እንዳትኖር ብዬ ነው። ዛሬ የምነግርህ ልትበቀለኝ ነው ብትል፣ ጥቂት እውነት አለው።

እማማ አንተን ያረገዘችበት ክረምት ነው። አባባ ተለማማጅነቱን ከጨረሰ ዓመታት አልፈዋል፤ የአባልነቱ መግቢያ ገንዘብ ግን ሁልጊዜ ያንሰዋል፣ ሁልጊዜ ለሚመጣው ዓመት ይለዋል። እማማ ይህኛው ልጅ ከማኅበሩ ደጅ ውጭ አይወለድም አለች። ጭራ ሲሸመን አንዱ ይሸምናል፣ ሌላው ከጎኑ ተቀምጦ ጭራውን አንድ በአንድ ያቀብላል። ለአባባ የምታቀብለው እሷ ነበረች፤ ሆዷ ገፍቶ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ሲያቅታት እኔ ተቀመጥኩ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ክረምቱን ሙሉ አቀበልኩት። ጭራው ጣትን እንደ ቢላ ይቆርጣል፤ እማማ በጨርቅ ትጠቀልልልኛለች፣ ጨርቁ ሥራ ያጓትታል ብዬ እፈታዋለሁ። ቶሎ ቶሎ አቀብል የነበረው ወንድም ሊመጣልኝ ነው ስለተባልኩ ነው። መግቢያው ሞላ። አባባ በፌብሩዋሪ አንድ ማክሰኞ አዳራሹ ሄዶ ማለ። አንተ ቅዳሜ ተወለድክ።

ያን ማክሰኞ ሲመለስ ጣቶቼን ይዞ አያቸውና አለቀሰ። ደስ ብሎት መስሎኝ ነበር። “ዶርካስዬ፣ አንቺን በሚመጣው ዓመት በተለማማጅነት አስመዘግብሻለሁ” አለኝ። በሚመጣው ዓመት አንተ ታመምክ፤ በሌላው እማማ ሞተች። ከዚያ በኋላ ከማኅበሩ ግብዣ ሲመለስ ዓይኔን አያየኝም ነበር። ሲሞት የተናገረውም ስላላስመዘገበኝ ነው። ስለዚህ አባባን ተወው። ያለቀ ነገር ነው፤ እኔም ብሆን ያን ክረምት አልጸጸትበትም።

ውሸቱን ስላልጻፍክ አልወቅስህም። እኔ ራሴ ፌንዊክ ፊት “በኋላ” የምትል አንዲት ቃል መናገር አቅቶኝ ነው ለአንተ ያሸከምኩህ። መፍራትህንም አልወቅስህም፤ እዚህ ቤት ከገባሁ ወዲህ የምን ፍርሃት እንደሆነ አውቄዋለሁ። ቦታህንም እንዳትለቅ፤ ብትለቅ ሁለታችንም እዚህ ነን።

የምወቅስህ ዝም ስላልክ ነው። በዚያው ቀን ብትነግረኝ ክፍሌ በእጄ ነበረች፣ መሸመኛዬን አልሰጥም ነበር። አንተ ግን መስኮቱ ወደ ደቡብ ነው ብለህ ጻፍክልኝ። አምብሮዝ፣ እኔ እኮ እዚያ ክፍል ኖሬበታለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ፀሐዩ አልጋው ላይ እስኪደርስ ጠብቄያለሁ፣ አደንጓሬውን ለቅሜያለሁ፣ እርከኗን እግሬ ለምዷታል። ከበርመንሲው ቤት መውጣት ብዙም አልከበደኝም። የከበደኝ ከዚያኛው መውጣት ነው። አልቀየምኩህም ብል ሚስስ ሬን እንኳ ትስቅብኛለች።

ልምጣ ወይ ላልከው። የጉብኝት ቀን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ጉልበትህን በፍላነል ጨርቅ ጠቅልለህ ና፤ ኮሪደሩ ድንጋይ ነው፣ ይቀዘቅዛል። አልጋዬ ከበሩ በስተግራ አምስተኛው ነው። ዓይኖቼ ሁለቱም ጨርሰው ሄደዋል። እዚህ ብዙ ሰው መጥቶ አልጋዬ ሥር ይቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል፣ ማን እንደሆነ አላውቅም። አንተ እንደዚያ አታድርግ። ስትደርስ ተናገር።

እህትህ ዶርካስ ታልቦት